መጠይቁ ማንን ይከሳል?

«ጤና ተቋም ሄደሽ ያልወለድሽው ለምንድን ነው?»

ይህ ጥያቄ በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤታቸው ለወለዱ እናቶች ቀርቧል (ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። ከመላሾቹ 61 በመቶዎቹ «አያስፈልግም» አሉ። 30 በመቶዎቹ ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» አሉ። ከእንዲህ ዓይነት ቁጥር የሚወጣው መደምደሚያ የታወቀ ነው፦ እናቶች ግንዛቤ ይጎድላቸዋል፣ ባህል አስሯቸዋል፣ ትምህርት ይሰጣቸው።

እስቲ መልሰን እንጠይቅ። በዚያው ጥናት መሠረት ጤና ተቋም ውስጥ የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት 48 ደረሱ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ልማድ በስምንት ዓመት እንዲህ ይለቃል? ወይስ የለቀቀው ሌላ ነገር ነው? በእነዚያ ዓመታት አምቡላንስ ወደ ወረዳዎች ገብቷል። በጤና ጣቢያዎች ቅጥር ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤቶች ተሠርተዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ነፍሰ ጡሮችን እየመዘገቡ ተከታትለዋል። ምክሩና ትምህርቱም የድርሻውን ሳያደርግ አልቀረም፤ ሆኖም መንገዱ ሳይከፈት ምክር ብቻውን ማንንም ጤና ጣቢያ አያደርስም። ውኃ ወደሌለው፣ ሌሊት ባለሙያ ወደማይገኝበት ጣቢያ በቃሬዛ ሰዓታት መጓዝ «አያስፈልግም» ያለች ሴት በጤና ጣቢያው ላይ ፍርድ ሰጠች እንጂ ስለ ራሷ አላዋቂነት አልመሰከረችም።

በመጠይቁ የምርጫ ዝርዝር ውስጥ ርቀትም፣ ወጪም፣ የአገልግሎት ጥራትም እንደነበሩ መካድ አይገባም። ችግሩ ከምርጫዎቹ በፊት ጥያቄው ራሱ ተከሳሹን መርጦ መጨረሱ ነው፤ ያልሄደችው እሷ ናት፣ ምክንያት ማቅረብም የእሷ ዕዳ ነው። የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ ልዩነትን እንለካባቸዋለን የምንላቸው ብዙዎቹ ጥያቄዎች ይህ ጠባይ አለባቸው። ልዩነት በሁለት ወገኖች መካከል የሚፈጠር ነገር ሆኖ ሳለ መጠይቁ የሚያናግረው የጎደለበትን ወገን ነው። ያጎደለው ወገን ቤቱ አይንኳኳም።

ይህን ማለት ጥናቱን ማጣጣል አይደለም። ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ሳይሞላ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከሺሕ 166 እንደነበረና በ2011 ዓ.ም. ወደ 59 እንደወረደ የምናውቀው በዚሁ ጥናት ነው። በ2008 ዓ.ም. ብቻ 16,650 ቤተሰቦች በራቸውን ከፍተዋል፤ 15,683 ሴቶችና 12,688 ወንዶች ረጅም መጠይቅ ተቀምጠው መልሰዋል። ይህን ያህል ሰው ጊዜውንና ገመናውን የሰጠበት መረጃ በጥብቅ ሊመረመር ይገባዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። «ሲያምሽና መታከም ስትፈልጊ የጤና ተቋሙ ርቀት ትልቅ ችግር ነው ወይስ ትልቅ ችግር አይደለም?» ስለ ገንዘብ፣ ስለ ፈቃድ ማግኘት፣ ብቻን ስለ መሄድም በዚሁ መልክ ይጠየቃል። በ2008 ዓ.ም. ከሴቶቹ 70 በመቶዎቹ ከአራቱ ቢያንስ አንዱን «ትልቅ ችግር» ብለዋል። ለመሆኑ «ትልቅ» የሚለካው በማን ክንድ ነው? ውኃ ለመቅዳት በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለምትሄድ ሴት የሁለት ሰዓት የጤና ጣቢያ መንገድ የዕለት ተዕለት ኑሮዋ ነው። ለአዲስ አበባዋ ሴት የግማሽ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ያስመርራል። ሁለቱም «ትልቅ ችግር» ቢሉ፣ ወይም ይባስ ብሎ የገጠሯ «አይደለም» ብትል፣ ሠንጠረዡ በመካከላቸው ያለውን ገደል ደልድሎ አስተካከለው ማለት ነው።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይቶ ነበር። በሕንድ ረጅም ዕድሜ የሚኖርባት የኬረላ ግዛት ሕዝብ ሲጠየቅ ከፍተኛ ሕመም ይናገራል። ሞት በሚበዛባት ቢሃር ግን ሕመም አለብኝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ሕመሙን ይናገራል። ታዲያ ከቢሃር ይልቅ አሜሪካ ታማለች እንበል? የተማረና ሐኪም ያየ ሰው ሕመሙን በስሙ ያውቀዋል፤ ሐኪም አይቶ የማያውቅ ሰው ግን ሕመሙን ከዕድሜና ከድካም ይቆጥረዋል።

በእኛ ዘንድ ነገሩ ይብሳል። «ጤናሽ እንዴት ነው?» ቢባል መልሱ ምንድን ነው? «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው፤ ወገብ ተይዞም፣ ዐይን ደክሞም። የለመደ ሰው አያማርርም፤ የማያማርር ሰው ደግሞ በሠንጠረዥ ላይ ጤነኛ ነው። ከዚህ ጋር የሕፃናትን ቁመት የሚለካውን የጥናቱን ክፍል ብናነጻጽር ልዩነቱ ይገባናል። የመቀንጨር መጠን በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል 46 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ ነበር። የቁመት መለኪያው ሰሌዳ «ተመስገን» ስለማይል የአንዱ ክልል ልጅ ከሌላው ምን ያህል እንደተበደለ ሳያድበሰብስ ይናገራል። ሊለካ የሚችለውን ነገር ትተን ስሜት የምንጠይቀው ለምንድን ነው? ኪሎ ሜትሩ፣ የትራንስፖርት ዋጋው፣ በሩ የሚከፈትበት ሰዓት የሚቆጠሩ ነገሮች አይደሉምን?

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ሀብት ነው። መጠይቁ ገቢን በቀጥታ አይጠይቅም፤ ይህም ብልህነት ነው። ከዚያ ይልቅ ይዘረዝራል፦ ቴሌቪዥን አለ? ፍሪጅ? የኤሌክትሪክ ምጣድ? ጠረጴዛ? ወንበር? የጥጥ ወይም የስፖንጅ ፍራሽ ያለው አልጋ? ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ? ውኃው ከየት ይመጣል? መጸዳጃው ምን ዓይነት ነው? መብራት አለ? ከዚያ መልሶቹ በስታቲስቲክስ ስሌት ተጠቃለው ሕዝቡ ከድሃ ወደ ሀብታም በአምስት እኩል እርከን ይደረደራል። «የዝቅተኛው እርከን እናቶች» እና «የከፍተኛው እርከን እናቶች» የሚባሉት ሐረጎች ምንጫቸው ይህ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። መብራትና የቧንቧ ውኃ የግለሰብ ሀብት ናቸውን? ምሰሶው ቀበሌው ስላልደረሰ በጨለማ የሚያመሽ ገበሬ ሁለት በሬና አንድ ጎተራ እህል ቢኖረውም መጠይቁ ላይ ነጥብ ይጎድልበታል። ያ ጉድለት በእሱ ድህነት ስም ይመዘገባል። ከዚያ ተመራማሪው ይህንኑ እርከን ከጤና አገልግሎት ጋር አገናኝቶ «ድሆች ጤና ተቋም አይጠቀሙም» ይለናል። ሲፈታ ምን ማለት ነው? መሠረተ ልማት ያልደረሰው ሰው መሠረተ ልማት አያገኝም ማለት ነው! ክቡ ተዘግቷል፤ በክቡ ውስጥ የቀረው ተከሳሽ ቤተሰቡ ብቻ ነው።

አርብቶ አደሩስ? ግመሉም፣ ፍየሉም፣ ላሙም በመጠይቁ ይጠየቃሉ። ከከተማና ከገጠር ኑሮ ጋር እንዲስማማም ስሌቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተሻሽሏል። ይሁንና ቤቱን በግመል ጭኖ ግጦሽ የሚከተል ሰው ጠረጴዛ የሌለው ስለደኸየ ነው ወይስ ስለሚጓዝ? አብዛኛው የአፋርና የሶማሌ ሕዝብ በዝቅተኛው እርከን ሲመደብ ስንቱ በእውነተኛ ችግር፣ ስንቱ በዕቃው ዝርዝር ምክንያት እዚያ እንደወረደ ማን ለይቶ ነግሮናል? ችግሩ እውነት መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ በ2008ቱ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱት በአፋር ከሺሕ 125፣ በአዲስ አበባ 39 ናቸው። ነገር ግን ሞቱ ከድህነት መጣ ወይስ ከመንገድና ከሐኪም እጦት የሚለው የበጀት ጥያቄ ነው። የተደበላለቀ መለኪያ ደግሞ የተደበላለቀ በጀት ያወጣል።

የላይኛው ጫፍም ከዚህ አይሻልም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በከፍተኛው እርከን ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በጋራ መጸዳጃ የምትኖር የቀበሌ ቤት እማወራና በቦሌ ቪላ ያለው ባለሀብት በአገር አቀፉ ሠንጠረዥ አንድ መደብ ናቸው። በዋና ከተማችን የሚታየው ልዩነት በአገሪቱ ትልቁ የልዩነት መለኪያ ፊት የለም!

የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ ተመልከቱ። በአሠሪዎቿ ቤት ስለምታድር የቤተሰቡ አባል ተብላ ትመዘገባለች። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሴራሚክ ወለሉ በእሷም ስም ይታሰባል። ማብሰያ ቤት ጥግ ፍራሽ አንጥፋ የምትተኛ፣ ብትታመም ወደ አገሯ የምትሸኝ ልጅ በሠንጠረዡ ከከፍተኛው እርከን ሴቶች አንዷ ናት። ይህን ዘዴ ያስፋፉት ባለሙያዎች መመሪያ እንደውም የቤት ሠራተኛ መኖሩን ከሀብት ምልክቶች ጋር እንዲቆጠር ያስችላል። ድህነቷ ለሌላው የብልጽግና ማስረጃ ሆነ። የእሷ ጤና የት ይነበባል?

አራተኛው ጥያቄ፦ ያልተጠየቀው ማን ነው? በ2003ቱ ጥናት ለሶማሌ ክልል ከተመረጡት 65 የቆጠራ ቦታዎች በ10ሩ ቤቶቹን መዘርዘር እንኳ በጸጥታ ምክንያት አልተቻለም። በ18ቱ ደግሞ በድርቅ፣ በጸጥታና በመሳሰለው ምክንያት የተዘረዘሩት ቤቶች ሳይጠየቁ ቀሩ። ዘገባው ራሱ መረጃው ክልሉን ሙሉ በሙሉ ላይወክል ይችላል ብሎ በሐቀኝነት አስፍሯል። ያ ማስጠንቀቂያ ግን ከሠንጠረዡ ጋር አብሮ አይጓዝም። ቁጥሩ በየመድረኩ «ሶማሌ» ተብሎ ይጠቀሳል። ያልተደረሰባቸው እነማን ናቸው? ድርቅ የመታቸውና ሰላም ያጡት ናቸው። በጣም የተጎዳው ሰው ከናሙና ሲወጣ ልዩነቱ ጠቦ ይታያል፤ ችግሩ ጸንቶ ሳለ የቀነሰ ይመስላል።

ቋንቋውም አለ። የ2008ቱ መጠይቅ የተተረጎመው ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛና ወደ ትግርኛ ነው። ለአፋሯ እናት፣ ለሶማሌዋ እናት፣ ለጋምቤላዋና ለወላይታዋ እናት የታተመ የራሷ መጠይቅ አልነበረም። ታዲያ ለአንዷ ባለሙያ ተጠንቅቆ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ሲነበብላት፣ ለሌላዋ በመረጃ ሰብሳቢው ችሎታ እዚያው ተተርጉሞ ሲነገራት፣ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ተጠየቁ ማለት ይቻላል? በጎዳና የሚያድሩት፣ በማረሚያ ቤት ያሉትና በካምፕ የሚኖሩት ደግሞ ጥናቱ የቤተሰብ ጥናት ነውና ከመነሻው ውጪ ናቸው።

አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። «ባል ሚስቱን ቢመታ ትክክል ነው ትያለሽ? ምግብ ብታሳርር? ብትከራከረው? ሳትነግረው ብትወጣ? ልጆቹን ችላ ብትል? አብራው መተኛት እንቢ ብትል?» በ1992 ዓ.ም. ከሴቶች 85 በመቶ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ትክክል ነው አሉ። በ1997 ዓ.ም. 81፣ በ2003 ዓ.ም. 68፣ በ2008 ዓ.ም. 63 በመቶ ሆነ። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ይህን ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ዱላን ደገፉ ተብሎ ሊጻፍ ነው?

ለምን እንዲህ አናነበውም፦ ሴቷ የነገረችን የምትወደውን ሳይሆን በቤቷና በመንደሯ የሚደረገውን፣ ሕግ ሆኖ የኖረውን ነው። ወንዱ ደግሞ እንግዳ ሰው ፊት ምን ማለት እንደሚያስከብረው ያውቃል። ለዚህ ንባብ የሚያግዝ መረጃ እንዳናገኝ ያደረገን ራሱ መጠይቁ ነው። ሴቷ ባሏ ገፍትሯት፣ በጥፊ መቷት፣ አስገድዷት እንደሆነ በዝርዝር ትጠየቃለች። ይህ ክፍል በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትመረጣለች፣ ሰው ከገባ ጥያቄው ይቋረጣል። ካገቡት ወይም አግብተው ከነበሩት ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው የታወቀው በዚህ ነው። ወንዱስ? ስለ አስተያየቱ ተጠየቀ፤ ስላደረገው ግን አልተጠየቀም። የተመታችው ቁስሏን ቆጥራ መለሰች፤ የመታው «ትክክል አይደለም» ብሎ ከክሱ ነጻ ወጣ።

አንዳንዱ ልዩነት ደግሞ ጥያቄ ተጠይቆም አይታይም። የእናቶች ሞት በ2008ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 ነው ተባለ። የስሌቱ የእርግጠኝነት ወሰን ግን ከ273 እስከ 551 ይዘረጋል። ቁጥሩ የሚገኘው ሰዎች ስለ እህቶቻቸው ሞት ተጠይቀው በመሆኑና የሚመዘገበው ሞት ጥቂት በመሆኑ በክልልና በሀብት እርከን ተከፋፍሎ አይቀርብም። ስለዚህ ለክትባት፣ ለፍራሽ፣ ለሬዲዮ የክልል ልዩነት አለን፤ እናት በወሊድ ስለመሞቷ የለንም። ለዚህ መፍትሔው የተሻለ መጠይቅ ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱን ሞት በቀበሌ መመዝገብ፣ ማለትም ጥያቄውን ከሐዘንተኛው ቤተሰብ ወደ መንግሥት መዝገብ ማዛወር ነው።

ጥያቄን መለወጥ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ማየት የሚሻ የአካል ጉዳትን ጉዳይ ይይ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ያለው ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ የዓለም አማካይ 15 በመቶ ያህል ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም ሁሉ ተለይታ ጤነኛ አገር ናት? ወይስ አባወራ ፊት «እቤትህ አካል ጉዳተኛ አለ?» በሚል መንገድ ሲጠየቅ ልጁን የሚደብቅ፣ የእናቱን ዐይን መጥፋት እርጅና የሚል ሰው በዝቶ ነው? የዋሽንግተን ቡድን በመባል የሚታወቀው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ያዘጋጃቸው ስድስት ጥያቄዎች መንገዱን ቀይረዋል፦ ማየት ያስቸግርሃል? መስማት? መራመድ? ማስታወስ? ራስን መንከባከብ? ከሰው ጋር መግባባት? መልሱም ከ«ምንም አያስቸግረኝም» እስከ «ጨርሶ አልችልም» በአራት ደረጃ ነው። እንዲህ ሲጠየቅ ተደብቆ የነበረ ሕዝብ ይወጣል። አንድ በመቶ ለሚሆን ሕዝብ የሚያዝ በጀትና ከመቶ አሥራ አምስት ለሚሆን ሕዝብ የሚያዝ በጀት አንድ አይደለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚወስነው ማን ነው? መጠይቁ ከዘጠና በላይ አገሮች የተጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ቅጂ አለው። ይህን ቅጂ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ሲደገፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ድጋፉ ተቋረጠ። አንድ ዓይነት ጥያቄ በሁሉም አገር መጠየቁ አገርን ከአገር ለማወዳደር ይጠቅማል፤ የለጋሹ ፍላጎትም ይኸው ነው። አፋርን ከአዲስ አበባ፣ የቤት ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ለማወዳደር ግን ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል። ያንን ከውጭ ማንም አያዘጋጅልንም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የራሳቸውን ጥያቄ ለመጨመር ከአሁን የተሻለ ጊዜ የሚጠብቁት ለምንድን ነው?

የጤና ተቋማትን አቅም የፈተሸ ሌላ ጥናት በ2006 ዓ.ም. ተካሂዶ ነበር፤ ስለዚህ አቅራቢውን መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። የጎደለው ሁለቱን በአንድ ዘገባ ፊት ለፊት ማቆም ነው። እናቷ ስትጠየቅ ጤና ጣቢያውም ይጠየቅ፦ በወለደችበት ሌሊት አዋላጅ ነበረች? ውኃ ነበር? አምቡላንስ ተደውሎለት በስንት ሰዓት ደረሰ? ወረዳው ለነዳጅ ስንት መድቦ ነበር? ሚስት ስትጠየቅ ባልም ስላደረገው ይጠየቅ። ከፍተኛው እርከን በከተማው ውስጥ እንደገና ይከፈል፤ የቤት ሠራተኛዋ የራሷ መስመር ይኑራት። ያልተደረሰበት የቆጠራ ቦታ ብዛት ከክልሉ ስም ጎን በዚያው ሠንጠረዥ ይታተም እንጂ በአባሪ አይቀበር። «የዝቅተኛው እርከን እናቶች 11 በመቶ፣ 15 በመቶ» እያለ የሚዘረዝር ዘገባ በትይዩው ዓምድ «ለእነዚህ እናቶች በቀረበ ርቀት አዋላጅ ያልመደቡ ወረዳዎች» የሚል ርዕስ እስካልያዘ ድረስ ስለ ድሆች የተጻፈ መዝገብ ነው እንጂ የልዩነት መለኪያ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።